እባቡ እንዲቀር፣ እኛ እንድንነሳ ስለቀረበው የውሳኔ ሐሳብ

ለክቡር ሜኔር ብሬደዋይክ
የ«ዴ ናተ ላርስ» አትክልተኞች ማኅበር የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አምስተርዳም

ክቡርነትዎ፣

እርስዎና ባለቤትዎ፣ እንዲሁም ባለፈው መኸር በማኅበሩ ውድድር አንደኛ የወጣው ዱባዎ ዘሮች፣ በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ በማመን የአክብሮት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በእኛ በኩል እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ወይዘሮ መዲናም ከቀኝ ትከሻዋ በቀር ደህና ናት። በአትክልት ቦታችን ላይ የሚኖረው እባብ ደግሞ እጅግ በጣም ደህና ነው። ኮሚቴዎ ላደረገለት ሁሉ እሱ ማመስገን ስለማይችል እኔ በስሙ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ክቡርነትዎን ለማስቸገር አይደለም። የእኔ ደች ለማመስገን ይበቃል፤ እርስዎን በሚገባዎት መጠን ለማመስገን ግን አይበቃም። ስለዚህ ጽሑፉ መጀመሪያ በማኅበረሰባችን መጽሔት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ የልጅ ልጄ ዩስራ ወደ ደች ትመልሰዋለች። ዩስራ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ረቂቁን አንብባ ስትጨርስ «አባባ፣ አንተ ሰውየውን እያከበርከው ነው ወይስ እየሰደብከው?» ብላ ጠየቀችኝ። እያከበርኩት ነው አልኳት። «እዚህ አገር እንዲህ የተከበረ ሰው ጠበቃ ነው የሚይዘው» አለችኝ። ጠበቃ እንደማያስፈልግዎ በዚህ አጋጣሚ አረጋግጥልዎታለሁ።

ክቡርነትዎ እኛን የሚያውቁን በቦታ ቁጥራችን ስለሆነ፣ የመጽሔቱ አንባቢ ደግሞ ቁጥራችንን ስለማያውቅ፣ ማንነታችንን ባጭሩ ልግለጽ። እኔ ደሴ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ስኪፖል አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ምግብ ትሪዎች እየደረደርኩ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወይዘሮ መዲና ለብዙ ዓመታት በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የእናንተን እናቶችና አባቶች ስታጥብ፣ ስታለብስና ስታጎርስ ኖራለች፤ ትከሻዋም እዚያው ቀረ። የቤተሰብ ሐኪማችን ለትከሻው ፓራሲታሞል አዘዙ፤ ለቀረው ነገር ግን ያዘዙት አልነበረም። ሥራ ካቆመች በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ ስልኳን ስታይ ከረመች። የሚፈልጋት ሰው አልነበረም።

የአትክልት ቦታው የደረሰን ያኔ ነው። ከግድቡ ሥር፣ ከቦዩ ዳር ያለች፣ አራት የመማሪያ ክፍሎች የምታክል መሬት ናት። ወይዘሮ መዲና የሐበሻ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ ባቄላና በላስቲክ ቤት ውስጥ ቃሪያ አበቀለችባት። አሁን ዓርብ ዓርብ ጎመኑ በከረጢት ሆኖ በባቡር ወደ ሮተርዳምና ወደ ዴን ሃግ ይሄዳል። ሮተርዳም ያለችው ጓደኛዋ ኑስራ «የሱፐርማርኬቱ ጎመን እኮ ሲቀቀል ይሰማል እንጂ አይበስልም» እያለች ጣቢያ ወጥታ ትጠብቃታለች። ስልኩ ደግሞ መጮኽ ጀመረ፤ መቼ ልዝራ፣ ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ፣ ትሉን በምን ላጥፋ የሚል ሁሉ መዲናን ይጠይቃል። እንግዲህ በመጪው ቅዳሜ እንዲወሰድብን ሐሳብ ያቀረቡበት ቦታ ይህ ነው።

ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ። ቁጥር የምሰጣቸው ከልማድ ነው፤ ክቡርነትዎ መልስ ሲጽፉ አንዱን ዘለው ሌላውን እንዳይመልሱ በማሰብም ነው።

አንደኛ፣ ስለ እባቡ አመጣጥ።

በግንቦት ወር ወይዘሮ መዲና ችግኝ ልታዛውር ፈልጋ ከፈረስ ፍግና ከቅጠል የሠራነውን የፍግ ክምር ልብስ ገለጥ ስታደርግ፣ ከሙቀቱ ውስጥ ግራጫ፣ በአንገቱ ላይ ቢጫ ሻርፕ የጠመጠመ የሚመስል እባብ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷም በደንብ አታስታውሰውም። ራሷን ያገኘችው ትራም ውስጥ፣ ጓንቷን እንዳደረገች፣ አንድ እግሯ ቦት፣ አንድ እግሯ ካልሲ ብቻ ሆኖ ነው። ከዚያው ደውላ «ዘይኑ፣ ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ እኔ አልገባም» አለችኝ።

ቅሬታዬ እባቡ መምጣቱ አይደለም። ያለ አፍስፕራክ፣ ማለትም ያለ ቀጠሮ፣ መምጣቱ ነው። የገዛ ልጄ እናቱን ሊጠይቅ ሲፈልግ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ቀጠሮ በሚይዝበት አገር፣ ማንም እንዲህ ዘው ብሎ ይገባል ብለን አልጠበቅንም። ዩስራ ልታጽናናን ብላ ከስልኳ ላይ አንድ የአሜሪካ እባብ አሳየችን፤ እሱም እንደኛው በአንዳንድ ቦታ በሕግ የሚጠበቅ፣ በሰው ደጃፍ የሚገኝ ነው፤ ከኛው የሚለየው መርዙ የሚገድል መሆኑ ነው። ነገር ግን ጭራው ላይ ቃጭል አለው፤ ሰው ሲቀርበው ያንን ያንቃጭላል። ወይዘሮ መዲና ቪዲዮውን ደጋግማ አይታ «ይሄ እንኳን ደውሎ ነው የሚመጣው» አለች።

እኔም እንደ ልማዴ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ አነበብኩ። የኛው እንግዳ ሪንግስላንግ ይባላል። መርዝ የለውም፤ እንቁራሪት እንጂ ሰው አይነክስም። ሲያስጨንቁት በጀርባው ተገልብጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ የሞተ ይመስላል፤ የነካው ሰው እስኪሄድ ድረስም አይንቀሳቀስም። ይህን አንቀጽ ሳነብ ወደ ኮሚቴዎ ስልክ ደጋግሜ ደውዬ የሚያነሳ ያጣሁባቸው ጠዋቶች ትዝ አሉኝ።

ሁለተኛ፣ እኔ ለእባቡ፣ ኮሚቴው ደግሞ ለእኔ ስለሰጠነው ማስጠንቀቂያ።

ወሎ ውስጥ ያሳደጉን ሸኾች እንዳስተማሩን፣ እባብ ቤት ውስጥ ሲታይ ወዲያው ዱላ አይነሳበትም። ሦስት ቀን ይነገረዋል። ቤቱ ሰው እንዳለው ይገለጽለታል፤ ማንንም ሳይጎዳ በሰላም እንዲወጣ ይለመናል። የአትክልት ቦታ ቤት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ከራሴ ጋር ጥቂት ተከራክሬ፣ መዲና ከቤታችን ይልቅ እዚያ ስለምትውል ቤት ነው ብዬ ወሰንኩ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ኮፍያዬን አስተካክዬ፣ ከክምሩ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ዕድሜውን ስለማላውቅ አንተ ለማለት ሳልደፍር፣ «እርስዎ ከክምሩ ውስጥ ያሉት፣ ይህ ቦታ የመዲና ነው። ማንንም ሳይነኩ፣ ማንም ሳይነካዎ፣ እባክዎ ወደ ቦዩ ማዶ ይሻገሩ» እል ነበር።

ጎረቤታችን ሜቭራው ሄንድሪካ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ «ሜኔር ዘይን፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ።

«ከእባቡ ጋር።»

«መለሰልህ?»

«ገና ነው።»

እሷ ግን መልሱን አልጠበቀችም። በዚያው ሳምንት ከኮሚቴዎ በተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያ፣ በሕግ የሚጠበቅ እንስሳን እጄን እያነሳሁ በተደጋጋሚ በድምፅ እንዳስጨነቅሁ ተረዳሁ። ክቡርነትዎ እንደሚገነዘቡት፣ በእኛ ልማድ ያ ንግግር እባቡን ከዱላ የሚያድን ነው። ኮሚቴዎም አባልን ከማስወጣቱ በፊት እንደሚያስጠነቅቅ ሳውቅ በአሠራር ተቀራራቢ መሆናችን አስደስቶኛል። ልዩነታችን፣ እኔ ማስጠንቀቂያዬን የሰጠሁት በአካል ሄጄ፣ ፊት ለፊት ቆሜና እባክዎ ብዬ መሆኑ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ገመዱ።

በሰኔ ወር ክቡርነትዎ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ሜትር፣ ካስማና ገመድ ይዘው መጡ። ክምሩ ውስጥ እንቁላል እንደተጣለ አረጋገጡ። ከዚያም ማንም ሰው ወደ እንስሳው ወይም ወደ እንቁላሉ ከአምስት ሜትር በታች እንዳይጠጋ የሚለውን፣ ራስዎ ያረቀቁትን የማኅበሩን ደንብ አንብበው፣ ገመዱን በክብ ዘርግተው፣ ዝምታ የሚያዝ ሰሌዳ ተክለው ሄዱ። ክቡ ሥራው በጣም ጥሩ ነው፤ ጂኦግራፊ ሳስተምር በሰሌዳ ላይ እንዲህ ያለ ክብ ሥዬ አላውቅም። በውስጡ ግን ሁለት መደብ ጎመንና የዕቃ ቤታችን መግቢያ አሉበት። በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት፣ በረጅም እንጨት ስበን ልንከፍተው ተፈቅዶልናል። መግባት አልተፈቀደልንም።

የእንቁላሉን ነገር ለወይዘሮ መዲና በስልክ ነገርኳት። «አራስ ናት በለኛ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «አራስ ደግሞ ማን ያስወጣል? አንተም እዚያ ቆመህ የምትለፈልፈውን ተው።»

በማግስቱ መጣች። ከገመዱ ውጭ በርጩማዋን አድርጋ ቁጭ አለች። እባቢቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ቦዩን ስትሻገር ያየች ቀን «አየሃት? እንዴት ያለች ዘናጭ ናት» አለችኝ። እንደ መጽሐፉ ከሆነ እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ ከሄደች በኋላ ዘወር ብላ አታይም። ይህን ለመዲና አልነገርኳትም፤ ክቡርነትዎም እንዳይነግሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንግዲህ እባቢቱና መዲና ያለ ኮሚቴ በዚህ መልክ ተስማሙ። ችግሩ ጎመኑ ነበር። ወይዘሮ መዲና ክቡርነትዎን መንገድ ላይ አግኝታ፣ በቀስታ ገብታ ቅጠሉን ብቻ ቆርጣ እንድትወጣ፣ ቢያስፈልግ ጫማዋን እንድታወልቅ ጠየቀችዎ። እርስዎም እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «ሜቭራው፣ ተፈጥሮ የራሷ ጊዜ አላት» አሏት። ትክክል ነዎት። ጎመኑም የራሱ ጊዜ ነበረውና አበበ። ኑስራ ከሮተርዳም ደውላ «ምነው፣ አኮረፍሽኝ እንዴ?» ስትላት፣ ሰው ገመድ ዘርግቶብኝ ነው ብላ እስክታስረዳ ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

አራተኛ፣ ስለ አረሙ።

በነሐሴ ወር በዚሁ በእርስዎ ፊርማ፣ ቦታችን በአረም እንደተዋጠና አባላት ቦታቸውን በንጽሕና መያዝ እንዳለባቸው የሚያሳስብ ሌላ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። አረሙ አለ። ያለው ከገመዱ ውስጥ ነው። በማስተምርበት ዘመን ተማሪን እጁን አስሬ ጻፍ ያልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ምናልባት ዘዴው ከኔ በኋላ የመጣ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ስለ ክብራችን።

በቅርቡ የደረሰን ሦስተኛው ጽሑፍ ከሁሉም የላቀ ነበር፤ እንኳን ደስ አላችሁ ይላልና። ከማኅበሩ ቦታዎች ሁሉ እባቢቱ የኛን መምረጧ ትልቅ ክብር መሆኑን ያስረዳል። ይህንን ክብር ለዘለቄታው ለማጽናትም ቦታችን ለእባቦች መጠበቂያነት እንዲከለል፣ እኛ ደግሞ ተነስተን በተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ እንድንሰፍር፣ ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ በሚደረገው የአባላት ስብሰባ እጅ በማውጣት እንዲወሰን ሐሳብ አቅርበዋል። ዩስራ የዝርዝሩን ርዝመት አይታ «አባባ፣ ተራችሁ እስኪደርስ እኔ ራሴ ጡረታ እወጣለሁ» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ እኔና መዲና በዚህ አገር ለመቆየት አሻራ ሰጥተናል፣ ቃለ መጠይቅ ተደርጎልናል፣ የቋንቋና የባህል ፈተና ተፈትነናል። እባቢቱ በአንድ በጋ ቋሚ መኖሪያ አገኘች። ቅናት እንዳይመስልብኝ፤ እንዲያውም ሥርዓቱ ከፈለገ ምን ያህል መፍጠን እንደሚችል በማየቴ ደስ ብሎኛል። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ እሷ ሳትጠይቅ ለምን እኛ እንነሳለን? አንድም ቀን ስለ መዲና አቤቱታ አላቀረበችም። ከመዲና አጠገብ ክምር ውስጥ ገብታ እንቁላል የጣለችውም አምናት ነው ብዬ አስባለሁ።

ጽሑፉን ለመዲና ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ጓንቷን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችና «ዘይኑ፣ ከዚህ ከሄድን ዓርብ ዓርብ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ። ስለዚህ ጥያቄውን እንዳለ ለክቡርነትዎ አስተላልፌአለሁ። ለቅዳሜው ስብሰባ መልሱን ቢያመጡልን፣ ወይም ሐሳቡን ከአጀንዳው ቢያወጡት፣ ገመዱንም ክምሩን ብቻ እንዲከብ አጥብበው መዲና ወደ ጎመኗ እንድትመለስ ቢፈቅዱ፣ እባብም ሰውም በየቦታው ያድራል።

የኮሚቴዎን ክብ ሳልረግጥ፣ ከአምስት ሜትር ከአንድ ጫማ ርቀት ላይ ቆሜ፣ ለእባብ ያሳዩት ርኅራኄ አንድ ቀን ወደ አጥቢ እንስሳትም እንዲደርስ ከልብ በመመኘት፣

ለጊዜው የአትክልት ጎረቤትዎ፣
መምህር ዘይኑልአቢዲን

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት ሜቭራው ሄንድሪካ እየሮጠች መጣች። በማኅበሩ አዳራሽ ማድ ቤት፣ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ፣ እርሳስ የማታክል፣ ቢጫ አንገት ያላት ሕፃን እባብ ተኝታለች። ሌላዋ ደግሞ ከሰብሳቢው ወንበር ሥር ታይታለች። እኔ እንዳላመጣኋቸው ሜቭራው ሄንድሪካ ትመሰክራለች፤ ለእኔ መመስከር ብዙም እንደማይቀናት እርስዎም ያውቃሉ። እርስዎ ዴን ሃግ ለሥራ ሄደዋል ስለተባለ፣ ደንቡን እንደሚያውቅ አባል ሜትር ተውሼ አምስቱን ሜትር ለካሁ። ማድ ቤቱም፣ መጸዳጃ ቤቱም፣ የሰብሳቢው ጠረጴዛም ክልል ውስጥ ገብተዋል። ስለሆነም ቅዳሜ ስብሰባው እዚያ ሊደረግ አይችልም። ወይዘሮ መዲና ይህን ስትሰማ፣ አባላት ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ ብላ ቦታችንን ፈቅዳለች፤ ከገመዱ ውጭ ያለው ለሁሉም ይበቃል፣ ወንበር ብቻ ይዛችሁ ኑ። ከተረፈው መደብ ጎመን ሠርታ ትጠብቃችኋለች። እርስዎን ከፊት ታስቀምጥዎታለች፣ ሳህንዎንም ራሷ ትሞላዋለች። በአንድ እጅዎ የመዲናን ሳህን እንደያዙ ሌላኛውን እሷን ለማስነሳት ማንሳት ለኔ ቢሆን ይከብደኝ ነበር፤ እርስዎ ግን በመርሕ የሚመሩ ሰው ነዎትና አይከብድዎትም።